12 ሺህ ብር፣ 16 ሳምንትና አንድ ደብተር፦ በድሬዳዋ የተከታተልኩት የመሪነትና የሥራ አመራር ሥልጠና

በድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ባለ አንድ የግል ማሠልጠኛ የተሰጠውን የመሪነትና የሥራ አመራር ሥልጠና ከየካቲት 22 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ሰኔ አጋማሽ፣ ከመደበኛ ሥራዬ ሳልለይ ለ16 ሳምንታት ተከታትያለሁ። ክፍያው 12,000 ብር ሲሆን ለመመዝገቢያ ደግሞ 500 ብር ለብቻው ተቀብለውኛል። ትምህርቱ ረቡዕ ማታና ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ በእያንዳንዱ ቀን ለሁለት ሰዓት ተኩል ይሰጥ ስለነበር በድምሩ 80 ሰዓት ይመጣል፤ ሒሳብ ለሚወድ ሰው የአንዱ ሰዓት ዋጋ 150 ብር ነው ማለት ነው። ቅሬታዬን በጽሑፍ አስገብቼ መልሱን እየጠበቅሁ ስለሆነ የማሠልጠኛውን ስም ከዚህ ጽሑፍ ትቼዋለሁ። ሆኖም ተመሳሳይ ማስታወቂያ በከተማችን በየጊዜው ስለሚለጠፍ፣ ገንዘቡንና የዕረፍት ጊዜውን ከማውጣቱ በፊት ምን እንደሚገዛ ማወቅ ለሚፈልግ ሰው ይጠቅም እንደሆነ ብዬ የገጠመኝን እንዳለ አስቀምጣለሁ።

ከየት ሆኜ እንደምመዝን አስቀድሜ ልናገር። የምሠራው በአንድ የፓስታ ፋብሪካ ማሸጊያ ክፍል ውስጥ ነው። ስምንት ዓመት በማሽን ኦፕሬተርነት ከሠራሁ በኋላ፣ ከሦስት ዓመት በፊት የፈረቃ ተቆጣጣሪ ሆኜ ተመደብኩ፤ በሥሬ 22 ሠራተኞች አሉ፤ መዝገብ ላይ ‹ሱፐርቫይዘር› ተብዬ ብጻፍም ሠራተኛው የሚጠራኝ ‹ካቦ› እያለ ነው። ሹመቱ ሲመጣ የተሰጠኝ ደብዳቤ እንጂ ትምህርት አልነበረም። ማሽኑን ከማንም በላይ ስለማውቅ ሰውንም በዚያው አውቀዋለሁ የሚል ግምት በአለቆቼ ዘንድ ነበር፤ ከእነርሱ ይልቅ ግን በእኔ ዘንድ ይበረታ ነበር። ይህ በብዙ ፋብሪካዎች የሚታይ ነገር ነው፤ ጎበዝ ባለሙያ ይሾምና ፈረቃው አንድ ጥሩ ባለሙያ አጥቶ አንድ ደካማ አለቃ ያገኛል።

ሥልጠናው በአምስት ሞጁሎች ተከፍሏል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ስለ ሥራ አመራር ንድፈ ሐሳቦች የሚያወሱ ናቸው። ፈረንሳዊው የማዕድን መሐንዲስ ሄንሪ ፋዮል በ1916 እ.ኤ.አ. ያቀረባቸው 14 መርሆዎች፣ ዳግላስ ማክግሪገር በ1960 አለቆች ስለ ሠራተኛ ተፈጥሮ የሚይዟቸውን ሁለት ተቃራኒ ግምቶች ኤክስ እና ዋይ ብሎ የለየበት ንድፈ ሐሳብ፣ ሄንሪ ሚንትዝበርግ የሥራ አስኪያጆችን ውሎ ተከታትሎ በ1973 የዘረዘራቸው 10 ሚናዎች በየተራ ቀረቡልን። መጥፎ አልነበረም፤ ነገር ግን ይህን ሁሉ ማንም ሰው ስልኩ ላይ ፈልጎ በአንድ ምሽት ሊያነበው ይችላል። ከዚህ ክፍል ይዤው የወጣሁት የሚንትዝበርግን ነገር ነው። የአለቃ ቀን የተቆራረጠ፣ በአጫጭርና በጥቃቅን ጉዳዮች የተሞላ መሆኑን ስላሳየ፣ ሥርዓት የሌለኝ እኔ ብቻ ይመስለኝ የነበረው ጭንቀት ትንሽ ቀለል አለልኝ።

ገንዘቤን ያወጣሁበት ነገር ደብተሩ ነው። በመጀመሪያው ቅዳሜ ለእያንዳንዳችን አንድ ተራ ባለ 50 ቅጠል ደብተር ተሰጠንና፣ በየሳምንቱ በሥራ ቦታችን ከገጠመን ነገር አንድ ጉዳይ ብቻ መርጠን፣ ግሬሃም ጊብስ የተባለው የብሪታንያ የትምህርት ባለሙያ በ1988 እ.ኤ.አ. ባወጣው ባለ ስድስት ደረጃ ዑደት መሠረት እንድንጽፍ ታዘዝን። ደረጃዎቹ የሆነውን መግለጽ፣ የተሰማንን መጻፍ፣ የበጀውንና ያልበጀውን መመዘን፣ ምክንያቱን መተንተን፣ መደምደሚያ ላይ መድረስ እና ለሚቀጥለው ጊዜ የምናደርገውን ማቀድ ናቸው። የማሠልጠኛው ማስታወቂያ ስለዚህ ደብተር አንዲት ቃል አልያዘም፤ የሚያወድሰው አዳራሹን፣ ፕሮጀክተሩንና ሰርተፍኬቱን ነው። እኛም ከባንክ፣ ከሆስፒታል፣ ከትምህርት ቤት፣ ከሆቴልና ከፋብሪካ የተሰባሰብን አሥራ ሰባት ጎልማሶች እንደ ልጅ የቤት ሥራ መሰጠታችን አልጣመንም ነበር። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የጻፍኩትን አሁን ሳነበው የቢሮ ሪፖርት ነው፤ ‹ማሽን ቁጥር 2 ለ40 ደቂቃ ቆሟል፤ ችግሩ ተፈቷል› ይላል። አሠልጣኙ ግን ደብተሮቹን በየሳምንቱ ሰብስቦ፣ እያንዳንዱን አንብቦ፣ በእርሳስ ጥያቄ ጽፎበት ይመልስ ነበር። ‹የተሰማኝ› በሚለው ሥር ባዶ የምተወውን መስመር ደግሞ በየሳምንቱ ያከብበዋል፤ ሌላ ምንም አይልም።

ደብተሩ ሥራውን የጀመረው በዘጠነኛው ሳምንት ነው። ሚያዝያ 22 ቀን፣ ረቡዕ፣ ከትምህርት ወጥቼ በቀጥታ ከምሽቱ 4 ሰዓት ወደሚጀምረው የሌሊት ፈረቃ ገባሁ። በማግስቱ የዓለም ሠራተኞች ቀን ስለሚውል ከፈረቃዬ አምስት ሰዎች ፈቃድ ወስደዋል። በአንደኛው መስመር ላይ የምርት ቀን የሚያትመው መሣሪያ የቆየ በመሆኑ ቀኑና ወሩ ለየብቻ በእጅ ይሞላሉ፤ የሚሞሉትም በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ሲሆን፣ ሥራ ከጀመረ ሁለት ወር ላልሞላው ወጣት ኦፕሬተር ከጥቂት ሜትሮች ርቀት፣ በማሽን ጩኸት መሐል፣ ‹ቀኑን ቀይረው!› ብዬ አለፍኩ። ልጁ የታዘዘውን አደረገ፤ ቀኑን ቀየረ። በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 22 ወደ 23 ቢያልፍም ወሩ ያው ሚያዝያ ነው፤ በአውሮፓው ግን ኤፕሪል 30 አልቆ ሜይ 1 ገብቷል። ልጁ 30ን አጥፍቶ 1 አደረገና የወሩን ቦታ 4 እንዳለ ተወው። በዚህ ምክንያት እስኪነጋ ድረስ በዚያ መስመር የታሸገው ፓስታ ሁሉ ከአንድ ወር በፊት እንደተመረተ ተደርጎ ታተመ። ስህተቱ የታየው ጠዋት መጋዘን ሲረከብ ነው። ስድስት ፓሌት፣ በእያንዳንዱ ፓሌት 72 ካርቶን፣ በእያንዳንዱ ካርቶን 20 ባለ ግማሽ ኪሎ ጥቅል፤ በጠቅላላው 8,640 ጥቅል፣ 43 ኩንታል ከ20 ኪሎ። ሁሉም ተቀድዶ እንደገና እንዲታሸግ ሆነ፤ ለዚህም ሁለት ሙሉ ፈረቃ ጠፋ።

ዓርብ ዕለት ወጣቱ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እንዲሰጠው ለሰው ኃይል ክፍል ጻፍኩ፤ በዕለቱም ወጪ ሆነ። ቅዳሜ ደግሞ ‹የሠራተኛ የጥንቃቄ ጉድለት› በሚል ርእስ አንድ ገጽ ሙሉ ደብተሬ ላይ ጽፌ አስረከብኩ። ረቡዕ ሲመለስልኝ በዳርቻው ላይ በእርሳስ ሦስት ጥያቄዎች ነበሩበት። ‹ወሩን ቀይር ያለው ማን ነው?› ‹ትዕዛዙን ስትሰጥ የት ቆመህ ነበር?› ‹ደብዳቤውን ከመጻፍህ በፊት ልጁን አነጋግረኸዋል?› (ከሁለተኛው ሳምንት በኋላ በክፍላችን አንቱታ ቀርቷል፤ ድሬ ነውና ማንም ቅር አላለውም።) ‹የተሰማኝ› የሚለው ባዶ መስመር እንደተለመደው ተከብቧል።

የሦስቱንም ጥያቄ መልስ ስለማውቀው ተናደድኩ። ለሁለት ቀን ደብተሩን ሳልከፍተው ቆየሁ። ከዚያ በኋላ በባዶው መስመር ላይ ‹ፈራሁ› ብዬ ጻፍኩ። የመጋዘን ኃላፊው ጠዋት ሲደውልልኝ በመጀመሪያ የታየኝ ፓስታው አልነበረም፤ ልጁም አልነበረም፤ ዋና ሥራ አስኪያጁ በሳምንቱ ስብሰባ ላይ ስሜን ሲጠራ ነው የታየኝ። ማስጠንቀቂያው ከዚያ ፍርሃት የወጣ ነው። እኔ ራሴ በልቤ ‹ቀን› ስል ሙሉውን የቀን አጻጻፍ ማለቴ ነበር፤ ልጁ ደግሞ ቀን ማለት ቀን ነው ብሎ ተረዳ፤ የአማርኛው ፍቺ ከእርሱ ጋር ነው። በዚያ ላይ በልማዳችን ቀን ተለወጠ የምንለው ሲነጋ ስለሆነ፣ በውድቅት ሌሊት ቀን መለወጡም ቢሆን ለአዲስ ሰው ቁጭ ብሎ ማስረዳት የሚጠይቅ ነገር ነበር። በማግስቱ ወደ ሰው ኃይል ክፍል ሄጄ ደብዳቤው ከማኅደሩ እንዲወጣ ጠየቅሁ። አንዴ ወጪ የሆነ ደብዳቤ እንደማይነሣ ተነገረኝ፤ የተፈቀደልኝ የጥፋቱ ድርሻ የእኔም መሆኑን የሚገልጽ ማስታወሻ ማያያዝ ብቻ ነው። ይህንኑ ለልጁ ስነግረው ‹እሺ› ብሎኝ ወደ ማሽኑ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህም ከእኔ ጋር ያለው ነገር ከሥራ አያልፍም፤ አልፈርድበትም።

ከንድፈ ሐሳቦቹ አንዱ ከፈረቃዬ ጋር የተገናኘው በዚሁ ሰሞን ነበር። ፖል ሄርሲና ኬን ብላንቻርድ ከ1969 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያዳበሩት፣ አመራር እንደ ሁኔታው ይለያይ የሚለው ሞዴል፣ መሪ እንደ ሠራተኛው ብቃትና ፈቃደኝነት አራት መንገዶችን መቀያየር እንዳለበት ያስተምራል፤ ለጀማሪው ዝርዝር መመሪያ መስጠት፣ ቀጥሎ እያስረዱ ማሳመን፣ ከዚያ ማሳተፍ፣ በመጨረሻም ሥራውን ለባለሙያው መተው ናቸው። የሞዴሉ የምርምር ድጋፍ አከራካሪ መሆኑን አሠልጣኙ ራሱ ነግሮናል፤ ይህን አለመደበቁን ወድጄለታለሁ። ለእኔ ግን እንደ መስታወት ሆነኝ። በማሸጊያ ክፍላችን 19 ዓመት የሠሩ፣ ሁላችንም ‹አዴ› የምንላቸው እናት አሉ። ለእርሳቸው ካርቶን እንዴት እንደሚደረደር በየፈረቃው አስረዳለሁ፤ ሁለት ወር ላልሞላው ልጅ ደግሞ ሁለት ቃል ወርውሬለት አልፋለሁ። መተው ያለብኝን አልተውኩም፤ ማስረዳት ያለብኝን አላስረዳሁም። ምክንያቱንም ጽፌዋለሁ፤ አዴ ስለሚያዳምጡኝ ማስረዳቱ ደስ ይለኛል፤ ልጁን ማስረዳት ግን አሥር ደቂቃ ስለሚወስድ አሥር ደቂቃው ያንገበግበኛል።

በክፍያው ውስጥ ለእያንዳንዱ ሠልጣኝ አንድ የሥራ ቦታ ጉብኝት ተካትቷል፤ ከደብተሩ ቀጥሎ ዋጋ ያለው ነገር ይህ ነው። አሠልጣኙ በግንቦት መጀመሪያ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ፈረቃ በምንቀባበልበት ጊዜ መጥቶ 45 ደቂቃ አንድ ጥግ ላይ ቆመ። ምንም አልጠየቀም፤ በወረቀት ላይ ሰረዝ ያሰምር ነበር። ሲወጣ እስከ በሩ ሸኘሁት፤ ከደረት ኪሴ የማትለየኝን ካቻቢቴ አይቶ ‹የማን ናት?› አለኝ። የእኔ ናት አልኩት። ከኦፕሬተርነት ዘመኔ ጀምሮ እንደያዝኳት፣ የማሸጊያው መንጋጋ ፕላስቲክ ሲበላ ፈትቼ የማጸዳባት እርሷ እንደሆነች ነገርኩት። ‹በ45 ደቂቃ ውስጥ ስድስት ጊዜ አውጥተሃታል፤ በሦስቱ ጊዜ ኦፕሬተሩ አጠገብህ ቆሞ ያይህ ነበር። እነርሱስ አላቸው?› አለኝ። አላቸው ብዬ ስመለስ ፈተሽኩ። አራት ማሽን፣ አራት ኦፕሬተር፣ በመካከላቸው እጀታዋ የተሰበረ አንዲት ካቻቢቴ። አራት አዳዲስ ካቻቢቴ ከእስቶር ለማስወጣት ሦስት ሳምንት ፈጅቶብኛል፤ የፈረምኩት የመጠየቂያ ቅጽ ሁለት ጊዜ ጠፍቷል።

ሌሎች የሚያዩትንና እኛ የማናየውን የራሳችንን ገጽታ የሚያሳየው ‹የጆሃሪ መስኮት› የተሰጠን ከዚህ ጉብኝት በኋላ ነበር፤ ቀድሞ ቢሰጠን ኖሮ ፈገግ ብዬ አልፈው ነበር። (በፋብሪካችን ግድግዳ ላይ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ የሚሉት ከጃፓን የመጣው የካይዘን አሠራር አምስቱ ‹ማ›ዎች ለዓመታት ተሰቅለው ቀለማቸው ስለደበዘዘ፣ ጆሃሪም የጃፓን ቃል መስሎኝ ነበር፤ ለካ በ1955 እ.ኤ.አ. መስኮቱን ያዘጋጁት የጆሴፍ ሉፍትና የሃሪንግተን ኢንግሃም የመጀመሪያ ስሞች ተቆርጠው የተገጣጠሙበት ነው።)

ከሠልጣኞቹ መካከል አንዲት የሆስፒታል ነርሶች ኃላፊ ነበረች። የቀኔን ስህተት በቡድን ውይይት ላይ ሳነሣው፣ እነርሱ ፈረቃ ሲቀባበሉ ተቀባዩ የሰማውን መልሶ እንዲናገር እንደሚያደርጉ፣ ‹ሰምተሃል?› ብሎ መጠየቅ ግን ዋጋ እንደሌለው ነገረችኝ፤ ሰው ሁሉ ሰምቻለሁ ይላልና። ይህን ይዤ ፈረቃዬን ከማሽኑ ጩኸት ራቅ ወዳለው የካርቶን ክምር ጀርባ ሰበሰብኩና፣ ሥራ ከመጀመራችን በፊት ሰባት ደቂቃ ወስደን ርክክቡን እዚያ እንድናደርግ ሐሳብ አቀረብኩ። በፈረቃዬ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማልኛ ይነገራል፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ትዕዛዙ ሁሉ የሚወጣው በአማርኛ፣ ያውም በጩኸት ነበር። አሁን የሰማውን መልሶ የሚናገረው ሰው በሚቀናው ቋንቋ ይናገራል፤ የማልረዳውን ሌላው ያቃናልኛል። የቀን ማተሚያውን ጉዳይ የፈቱት ግን አዴ ናቸው። ‹የመጀመሪያውን ጥቅል ቆርጠህ መረካከቢያው መዝገብ ላይ ብትለጥፈው ምን ይላል? ሁለታችሁም አይታችሁ ፈርሙበት› አሉኝ። ይህንን እስከ ዛሬ ለምን እንዳልነገሩኝ ብጠይቃቸው ‹ማን ጠየቀኝ አቦ!› ብለው ሳቁብኝ። መዝገቡ አሁን በተለጠፉ የፕላስቲክ ቁራጮች አብጦ አልዘጋ ብሏል።

ስለ ዋናው አሠልጣኝ አንድ ነገር ልጨምር። ሥልጠናው የተጀመረበት ቀን የረመዳን መግቢያ ነበር፤ የዓቢይ ጾምም ከጥቂት ቀናት በፊት ተይዟል። የረቡዕ ትምህርት ከ11 ሰዓት ተኩል እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ስለሚቆይ የማፍጠሪያው ሰዓት መሐል ላይ ይወድቃል። የቢሮው ሰዎች መርሐ ግብሩ ታትሟል ብለው ለመቀየር ፈቃደኛ አልሆኑም። እርሱ ግን የመግሪብ አዛን ሲሰማ ንግግሩን አቋርጦ ፕሮጀክተሩን ያጠፋል፤ ከራሱ ቦርሳ ተምርና ውኃ አውጥቶ ያዞራል፤ በሁለተኛው ሳምንት ሁላችንም የየድርሻችንን ይዘን መምጣት ጀመርን፤ የምንጾመውም ክርስቲያኖች የጾም ሳምቡሳ ይዘን አብረን እንቀመጥ ነበር። የጠፋውን 20 ደቂቃ መጨረሻ ላይ ያካክሰዋል። ክፍሉ አንድ ክፍል የሆነው ከዚያ ወዲህ ነው፤ በደብተራችን የጻፍነውን ጮክ ብለን ለማንበብ የደፈርነውም እንዲሁ።

ወደ ቅሬታዎቼ ልምጣ። ከሁሉ የከበደኝ የቅዳሜው ሰዓት ነው። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ቆላማ ከተማ መሆኗን፣ በቀትር ሱቁም ሰውም በር ዘግቶ እንደሚያርፍ የሚያውቅ ሰው፣ በግንቦት ወር ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ 17 ጎልማሶችን በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር አስቀምጦ ስለ ስትራቴጂ አያስተምርም። ከሁለቱ የጣሪያ ፋኖች አንዱ የሚያወጣው ድምፅ ከነፋሱ ይበልጣል። በሦስት ቅዳሜዎች መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተሩ ነዳጅ የለውም ተብሎ በጨለማ ስላይድ ተነበበልን። ሰዓቱ ወደ 10 ሰዓት ተኩል እንዲዛወር ሁላችንም ፈርመን ብንጠይቅም አዳራሹ በዚያ ሰዓት ለሌላ ሥልጠና መከራየቱ ተነገረን። የመሪነት ሥልጠና የሚሸጥ ድርጅት የ17 ደንበኞቹን ፊርማ በአንድ ዐረፍተ ነገር መመለሱ ራሱ ለደብተራችን ጥሩ ርእስ ሆኖልን ነበር።

ሁለተኛው ቅሬታዬ ሞጁሎቹን ይመለከታል። ሁሉም በእንግሊዝኛ የተጻፉ፣ ከኮፒ ላይ ኮፒ የተደረጉና በየገጹ ጠርዝ ፊደል የጎደላቸው ናቸው። ምሳሌዎቹ በውጭ አገር ስላሉ የስልክ ጥሪ ማዕከላትና ሱፐርማርኬቶች የሚተርኩ ስለሆኑ፣ ማስተማሪያው አማርኛ ሆኖ ፈተናው በእንግሊዝኛ ሲመጣ ከሁላችንም በላይ ልምድ የነበራቸው ሠልጣኞች ዝቅተኛ ውጤት አገኙ። ይህች የምድር ባቡር ከተማ ናት፤ መቶ ዓመት ያለፈው የባቡር ታሪኳ፣ የሲሚንቶና የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎቿ፣ ከጅቡቲ የሚመጣው ዕቃና የኢንዱስትሪ ፓርኳ ስንት የአመራር ምሳሌ ይወጣቸው ነበር። አጎቴ በድሮው ምድር ባቡር ጋራዥ ሠርተዋል፤ ‹ሸፍ› የሚባለው አለቃ በፈረንሳይኛ ያዘዘውን በኦሮምኛና በአማርኛ የሚያቀባብሉ የድሮ ሠራተኞች እንዴት ሥራውን እንደሚያስኬዱ የሚተርኩት አንድ ምሽት ከሞጁል አራት ይሻላል። የመጨረሻዎቹን ሁለት ሞጁሎች ያስተማረው ሁለተኛው አሠልጣኝ ደግሞ ሁለት ጊዜ ሳይነግረን ቀርቷል፤ ሲመጣም ስላይዱን አንብቦ ይሄዳል፤ ደብተራችንን ተቀብሎ ሳያነብ በፊርማ ብቻ የመለሰልን እርሱ ነው። በእነዚያ አምስት ሳምንታት የጻፍኩት ወደ ቀድሞው ሪፖርት እንደተመለሰ ሳነበው ይታወቀኛል። አንባቢ እንደሌለው ያወቀ ሰው ለራሱም እውነቱን እንደማይጽፍ እዚያ ላይ አየሁት።

ስለዚህ ግምገማዬ የተከፈለ ነው። ለመጀመሪያዎቹ 11 ሳምንታት ክፍያው ይገባቸዋል፤ ለቀሪዎቹ አምስት አይገባቸውም። ከፍ ያለ ማዕረግ ለሚፈልግ ሰው በዩኒቨርሲቲ የቅዳሜና እሑድ መርሐ ግብር መመዝገብ ይሻለዋል፤ ጊዜውም ወጪውም ግን የዓመታት ነው። በኢንተርኔት የሚሰጡ ነፃ ኮርሶችም አሉ፤ ሁለቱን ጀምሬ አልጨረስኳቸውም፤ በእርሳስ ጥያቄ የሚጽፍብኝ ሰው አልነበረማ። በቅርቡ ተሹሞ በሥሩ ሰዎች ያሉትና ከእነርሱ ጋር የዕለት ተዕለት ግጭት ያለበት ሰው ይመዝገብ፤ ገና ሠራተኛ የማያስተዳድር ሰው ግን ደብተሩ ላይ የሚጽፈው ስለሚያጣ ቢቆይ ይሻለዋል። ከመክፈሉ በፊትም ቢሮ ሄዶ ሦስት ነገር ይጠይቅ። ደብተሩን የሚያነበው ማን ነው፣ በሥልጠናው መሐል አሠልጣኝ ይቀየራል ወይ፣ የሥራ ቦታ ጉብኝቱስ በጽሑፍ በውሉ ላይ ሰፍሯል ወይ? የእኔ ውል ላይ አልሰፈረም ነበርና ከ17ታችን ውስጥ የተጎበኘነው ዘጠኛችን ብቻ ነን።

ሰርተፍኬቱን በተመለከተ፣ መሥሪያ ቤቴ በሥልጠናነት ማኅደሬ ውስጥ እንደሚያስቀምጠው፣ ለደረጃ ዕድገት ግን ነጥብ እንደማይሰጥበት አስቀድሞ ነግሮኛል። ማሠልጠኛው ለማተሚያ ተብሎ 300 ብር ተጨማሪ ጠየቀን፤ ይህ በምዝገባ ጊዜ አልተነገረንም። ከፍዬ በሐምሌ ወር ስቀበለው የአባቴ ስም ተሳስቶ ተጽፏል፤ የተሰጠበትም ቀን የወሩ ቁጥር አንድ ወር ወደ ኋላ ሆኖ ታትሟል። እንዲስተካከል መልሼ ሰጥቻቸዋለሁ፤ የጸሐፊዋን ጠረጴዛ ለቅቄ ከመውጣቴ በፊትም ትክክለኛውን ቀንና ወር መልሳ እንድትነግረኝ ጠይቄአታለሁ።